«ክረምቱ ይውጣና…»

(በዘንድሮው የምሩቃን መገናኛ ዕለት ከ1979 ዓ.ም. የጂኦግራፊ ምሩቃን አንዷ ካቀረቡት ንግግር የተወሰደ። ተናጋሪዋ ለዚህ መጽሔት ሲያዘጋጁት ጥቂት ቦታ ላይ አሳጥረውታል።)

ከምሳ በኋላ ንግግር ማድረግ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ 37 ዓመት በመምህርነት አይቼዋለሁ። ስድስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ የገባ አስተማሪ ያውቀዋል። ስለዚህ የሚያንቀላፋ ሰው ባይ አልቀየምም።

አዘጋጆቹ «ጡረታ እንደወጡ ብቻዎን ሕንድ አገር ሄደው ነበር አሉ፤ ያውም በክረምት! እስቲ ስለ አዘገጃጀቱ ይንገሩን» ብለውኝ ነው የመጣሁት። እውነት ነው፣ ሄጃለሁ። በ2016 ዓ.ም. ከነሐሴ 8 እስከ ነሐሴ 26 ኬረላ ነበርኩ። ግን ስለ ሻንጣና ስለ ጃንጥላ ከማውራቴ በፊት ለምን በክረምት እንደሄድኩ መናገር አለብኝ። ያ ካልተነገረ ቀሪው ትርጉም የለውም።

እዚህ አዳራሽ ውስጥ በኔ ዕድሜ ያላችሁ ሕንዳዊ መምህር ያላስተማረው አለ? እጃችሁን አውጡ ብል የሚያወጣ ያለ አይመስለኝም። እኔን ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ ያስተማሩኝ የኬረላ ሰው ነበሩ። ባለቤታቸው ደግሞ እዚያው ሒሳብ ያስተምሩ ነበር፤ «ሚስ» ነበር የምንላቸው። ኬረላ ለኢትዮጵያ መምህር የሰጠችው ከጥንት ነው። ኋላ ጳጳስ ሆነው ጳውሎስ ማር ግሪጎሪዮስ የተባሉት ፖል ቨርጊስ እንኳ በ1947 እ.ኤ.አ. እዚህ የመጡት በአስተማሪነት ነበር፤ አማርኛም ተምረዋል። ከእሳቸው በኋላ ስንቱ መጣ!

የኛው ቲቸር መልስ ሲመለስላቸው ጭንቅላታቸውን ግራና ቀኝ ያወዛውዙ ነበር። እኛ «አይደለም» ያሉ እየመሰለን የጻፍነውን ቶሎ እንሰርዛለን። ለካስ «አዎ፣ ልክ ነው» ማለታቸው ኖሯል! አንድ ሴሚስተር ሙሉ ትክክለኛ መልስ ስንሰርዝ ከረምን።

እሳቸው ናቸው ከትምህርት ቤቱ ግቢ የዝናብ መለኪያ የተከሉት። ከቆርቆሮ ያሠሩት ነበር። በየጠዋቱ አንድ ተማሪ ወጥቶ ይለካል፣ በደብተር ይጽፋል። ሁለት ዓመት ያህል ተራው የኔ ነበር። «አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው» ያሉኝን እስከ ጡረታዬ ድረስ ሳስተምረው ኖሬያለሁ። አንድ ቀን ደግሞ በአገራቸው ካርታ ላይ ጣታቸውን አድርገው «የኛ ዝናብ ወደ አገሬ ሲሄድ በእናንተ ጎረቤት በኩል ነው የሚያልፈው። ስታድጊ መጥተሽ የገባበትን በር ታያለሽ። ስትመጪ ግን በሰኔ እንጂ በጥር እንዳትመጪ» አሉኝ።

ይህንን ነገር ለማታውቁት ባጭሩ ላስረዳ። በኛ ክረምት ጊዜ ከደቡባዊው የሕንድ ውቅያኖስ የሚነሳው ነፋስ ምድር ወገብን አቋርጦ የምሥራቅ አፍሪካን ደጋ እንደ ግድግዳ ይደገፍና በሶማሊያ ጠረፍ ታጥፎ፣ ፍጥነት ጨምሮ፣ በአረቢያ ባሕር ላይ ወደ ሕንድ ይተኮሳል። ሳይንቲስቶች የሶማሌ ጄት ይሉታል። ነፋሱ መጀመሪያ ከሚያርፍባቸው የሕንድ ምድሮች አንዷ ኬረላ ናት። ዝናቡ በአማካይ የሚገባው በ1 ጁን፣ በኛ ግንቦት 24 ነው። ኤል ኒኞ በመጣ ዓመት የነሱም ዝናብ የኛም ክረምት አብረው የሚደክሙበት ጊዜ ብዙ ነው። ማለቴ፣ ሕንድና እኛ በዝናብ ዘመዳሞች ነን። ይህንን 37 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ በቀስት ስዬዋለሁ። አንድም ቀን አላየሁትም ነበር።

ቲቸር ወደ አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ተጠፋፋን። በ2009 ዓ.ም. አንድ የክፍል ጓደኛችን ስልካቸውን አፈላልጎ አገኘና ተገናኘን። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «ዛሬ ስንት ሚሊ ሜትር ዘነበ?» የሚል ነበር። ሁለተኛው «መቼ ነው የምትመጪው?»

«ክረምቱ ይውጣና» አልኳቸው።

ሳቁ። «ክረምቱን ነው ያልኩሽ» አሉ።

በ2010 ነሐሴ ላይ ኬረላን ያ ትልቅ ጎርፍ መታት። ከ400 በላይ ሰው ሞተ። የኮቺ አውሮፕላን ማረፊያ በፔሪያር ወንዝ አጠገብ ስለሆነ በውሃ ተሞልቶ ለሁለት ሳምንት ያህል ተዘጋ። ኢዱኪ የሚባለው ግድባቸው በር ከ26 ዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ተከፈተ። እኔም በልቤ «አላልኩም?» አልኩ። ከዚያ ኮሮና መጣ። ከዚያ የአገራችን ነገር። ከዚያ የዶላሩ ነገር። በየዓመቱ ምክንያት አላጣሁም፤ ምክንያቶቹም ውሸት አልነበሩም። ይኸው ነው አስቸጋሪው፤ ውሸት ቢሆኑ ኖሮ አፍሬ እሄድ ነበር።

ግንቦት 2015 ላይ ቲቸር አረፉ። በዚያ ዓመት ዝናቡ ኬረላ የገባው በአንድ ሳምንት ዘግይቶ ሰኔ 1 ቀን ነው። የመጨረሻውን ዝናባቸውን ሳያዩት ሄዱ። ሚስ ስልክ ደውለው ሲነግሩኝ ምንም አላለቀስኩም፤ ስልኩን ዘግቼ «ክረምቱ ይውጣና» የሚለውን ቃሌን ብቻ ነበር የምሰማው።

ከዚያ በኋላ ወሰንኩ። ሚስ 80ን ተሻግረዋል። እሄዳለሁ፤ በክረምት እሄዳለሁ። ልጆቼ ተነሱብኝ። «እማዬ ደም ብዛት እያለብሽ! ብቻሽን! ጎርፍ ባለበት!» ቢያንስ ጥር ላይ ሂጂ ተባልኩ። ምኔን እንዳመመኝ አልገባቸውም። ግን ልጆቼ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም፤ እሱን ነው አሁን የምነግራችሁ።

የመጀመሪያው ሥራዬ የምሄድበትን ክረምት ማጥናት ነበር። እኛ «ዝናብ» ስንል የሐምሌን ጭቃ ነው የምናስበው። አዲስ አበባ በዓመት ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ታገኛለች፤ ኬረላ ወደ 3,000። ከዚያ ውስጥ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ በአራት ወር ውስጥ ነው የሚወርደው። የሕንድ የሜትዎሮሎጂ መሥሪያ ቤት በየወረዳው በቀለም ያስጠነቅቃል፤ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ብርቱካናማ፣ ቀይ። ቀይ ማለት በ24 ሰዓት ውስጥ ከ204 ሚሊ ሜትር በላይ ሊዘንብ ይችላል ማለት ነው። ቲቸር እንዳስተማሩኝ ቁጠሩት፤ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ አሥር ባለ 20 ሊትር ጀሪካን። አዲስ አበባ በሐምሌ ወር ሙሉ የምታገኘውን አብዛኛውን በአንድ ቀን! ስለዚህ ለራሴ ሕግ አወጣሁ። በቢጫ እወጣለሁ። በብርቱካናማ ከቤት እውላለሁ። በቀይ የትም አልንቀሳቀስም፤ «እስቲ ትንሽ ሲቀንስ» ማለትም የለም።

ሁለተኛው ቀናት ነው። ከሙምባይ ወደ ደቡብ በባሕሩ ዳር የሚሄደው የኮንካን ባቡር በክረምት ሌላ የጊዜ ሰሌዳ እንዳለው ሳነብ በጣም ነው የገረመኝ። ገደል ሊናድ ስለሚችል ባቡሮቹ ፍጥነት ቀንሰው ይሄዳሉ፤ ይህም አስቀድሞ ታትሞ ይወጣል። እዩት እንግዲህ፤ ዝናቡን አይክዱትም፣ ሥራቸውንም አያቆሙም፤ ሰሌዳ ይቀይራሉ። እኔም ሰሌዳዬን ቀየርኩ። የአሥር ቀን ጉዳይ ነበረኝ፤ 18 ቀን ያዝኩ። ብር ያስወጣል፤ ግን በክረምት ትርፍ ቀን ያልያዘ ሰው መንገዱ ሲዘጋ አደጋ ውስጥ የሚገባው እሱ ነው፤ ለአውሮፕላኑ ልድረስ ብሎ ይሮጣላ!

ሦስተኛው ወረቀት። ከኛ አገር ወደ ሕንድ የሚሄድ ሰው የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል፤ ክትባቱ የሚጸናው ከተወጉ ከአሥር ቀን በኋላ ነው። የሌለው እስከ ስድስት ቀን ተለይቶ ሊቆይ ይችላል። እኔ የድሮ ካርዴን ይዤ አለ እያልኩ ስኖር፣ ለመሄድ 17 ቀን ሲቀረኝ ሳጥን ብገለብጥ የለም። በማግሥቱ ሄጄ ተወጋሁ። ሳምንት ዘግይቼ ቢሆን ኖሮ ትኬቱ ይቃጠል ነበር። ካርዱ አንዴ ከተሰጠ ለዕድሜ ልክ ነው፤ ጠብቁት።

አራተኛው ሐሳብን የመለወጥ ድፍረት ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት ወደ ሙናር ወጥቼ የሻይ ተክሉን አይቼ፣ ወደ ዋያናድ ተራሮች ተሻግሬ ልመለስ ነበር። ሐምሌ 15 ቀን ጎፋ ዞን ላይ መሬቱ ተናደ። የተቀበሩትን ለማውጣት የተሰበሰበውን ሕዝብ ሁለተኛው ናዳ እላዩ ላይ መጣበት፤ ከ200 በላይ ወገን አለቀ። ገና ሐዘን ላይ እያለን ሐምሌ 23 ሌሊት የዋያናድ ተራራ ተናደ። እዚያም ከ200 በላይ ሰው፣ በተኛበት። በስምንት ቀን ልዩነት፣ በአንድ ክረምት።

በዚያ ሌሊት አልዋሽም፣ ልቀር ነበር። ልጄ ምንም አላለችኝም፤ ዝም ብላ አጠገቤ ተቀመጠች። ቁጭ ብዬ እንደ አስተማሪ አሰብኩት። የገደለው ምንድነው? ተዳፋት ነው፤ ውሃ የጠገበ አፈር ነው፤ ሌሊት ነው። ሚስ የሚኖሩት ኮታየም አጠገብ ዝቅተኛው አገር ላይ ነው፤ እዚያ የሚያሰጋው ናዳ ሳይሆን ጎርፍ ነው፤ ጎርፍ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሰዓት ይሰጣል። ሙናርን ሰረዝኩ። ዋያናድን ሰረዝኩ። ሚስን አልሰረዝኩም። ለልጆቼም ይህንኑ በወረቀት ጽፌ ሰጠኋቸው፤ የት እንደማድር፣ በየትኛው ቀን በምን እንደምሄድ፣ ውሃ ቢመጣ የምወጣበት ፎቅ የት እንደሆነ። በየቀኑ በኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ መልእክት እልካለሁ፤ በነሱ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። ለሁለት ምሽት ካልላክሁ ብቻ ነው የምትደነግጡት፤ መብራት ይጠፋልና አልኳቸው። ብቻዬን ነው የሄድኩት፤ ግን የት እንዳለሁ የሚያውቅ ሰው ሳይኖር አላደርኩም። እነዚህ ሁለቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

አሁን ደግሞ ጥፋቴን ልንገራችሁ፤ ሰው የሚማረው ከዚያ ነው። ሙምባይ ላይ ለመቀያየሪያ ሦስት ሰዓት ብቻ ነበር የተውኩት። ለበጋ ይበቃ ይሆናል። በዝናብ ምክንያት ዘግይተን ደረስን፤ የኮቺው አውሮፕላን አመለጠኝ፤ በማግሥቱ ስሄድ ሻንጣዬ ወደ ኋላ ቀረ። እሺ፣ ልብስ ይቅር። የደም ብዛት መድኃኒቴ ግን ያለው ሻንጣው ውስጥ! ስንቴ ለሰው መክሬያለሁ መሰላችሁ። ኮታየም መድኃኒት ቤት ሄጄ «ነጭ፣ ትንሽዬ ክኒን» እላለሁ፤ ሰውየው ጭንቅላቱን ያወዛውዛል፤ አዎ ይበል አይ ይበል አላውቅም። በመጨረሻ ልጄ የማዘዣውን ፎቶ ላከችልኝና ዳንኩ። ስለዚህ መድኃኒት በእጅ ቦርሳ፤ የማዘዣው ፎቶ በስልክ፤ የመድኃኒቱም ስም እንጂ መልኩ አይደለም የሚያዘው።

አንድ ነገር ልጨምርና ከምክር እወጣለሁ። ጎርፍ በቆመበት ውሃ ውስጥ በቆሰለ እግር አትግቡ። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ ኃይለኛ ትኩሳት አለ፤ እዚያ «የአይጥ ትኩሳት» ነው የሚሉት፤ በየክረምቱ ሰው ይገድላል። ከመሄዴ በፊት ሐኪሜን አማክሬ ነበር፤ እናንተም አማክሩ። ጃንጥላ ግን ከዚህ ተሸክማችሁ እንዳትሄዱ። አላፑዣ የምትባለው ጎረቤት ከተማ በጃንጥላ ሥራ የታወቀች ናት። የኔን ሲያዩ ልጆቹ ሳቁብኝ፤ በሁለተኛው ቀን ነፋሱ ገለበጠው፣ ሳቃቸውም ልክ ነበር።

ኬረላን በክረምት ምን ልበላችሁ… ዝናቡ ሲመጣ ከሩቅ ድምፁ ነው የሚቀድመው፤ በሙዝና በኮኮናት ቅጠል ላይ እየሮጠ ይመጣል። ሕዝቡ ዝናቡን አይሸሸውም። ትላልቆቹ የሞተር ጀልባዎች በየዓመቱ ለ52 ቀን፣ እስከ ሐምሌ 24 ድረስ፣ መረብ እንዳይጎትቱ ይከለከላሉ፤ ዓሣው እንዲራባ ነው። ከሐምሌ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ የሚዘልቀውን ወር ደግሞ የችግር ወር ይሉታል፤ ያለፈው እህል ያለቀበት፣ አዲሱ ያልደረሰበት። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ አስተርጓሚ አላስፈለገኝም። በዚያ ወር ከሩዝና ከቅጠላ ቅጠል የተሠራ የመድኃኒት ገንፎ እየጠጡ ሰውነታቸውን ይጠግናሉ። ኩታናድ የሚባለው የሩዝ አገር ከባሕር ወለል በታች ነው የሚታረሰው፤ ውሃውን በግድብ ይዘው። በ2010ሩ ጎርፍ ጊዜ ሕዝቡን በጀልባ ያወጡት ዓሣ አጥማጆች ናቸው፤ ጀልባቸውን በመኪና ጭነው መጥተው። እኔ በሄድኩበት ክረምት ግን በዋያናድ ሐዘን ምክንያት የአላፑዣው ታዋቂ የጀልባ ውድድር ወደ መስከረም ተላልፎ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ አገር እንግዳ መሆን ምን እንደሆነ እናንተ ታውቃላችሁ። «ከኢትዮጵያ ነኝ፣ እኛም አገር ሰሞኑን መሬት ተንዶ ነበር» ስል ሰው ሁሉ ወንበር ይስብልኝ ነበር።

ሚስ በር ላይ ቆመው ነበር የጠበቁኝ። አርጅተዋል፤ ድምፃቸው ግን ያው የሒሳብ ክፍሉ ነው። አርባ ዓመት ሙሉ አማርኛ ሳይናገሩ ኖረው የቀሩላቸው ቃላት «ቁጭ በዪ»፣ «ዝም በዪ» እና «ብዪ እንጂ» ናቸው። በነዚህ በሦስቱ አሥራ ሁለት ቀን ተግባብተናል ማለት ይቻላል!

ይዤላቸው የሄድኩት ያንን የደብረ ማርቆስ የዝናብ ደብተር ነበር፤ በኔ የልጅነት ጽሕፈት የተጻፈውን። እሳቸው አገላብጠው አዩትና ተነሥተው ከመደርደሪያ ሌላ ደብተር አመጡ። አንድ አይደለም፤ ብዙ ነው። ቲቸር አገራቸው ከተመለሱ በኋላ ከጓሯቸው የዝናብ መለኪያ ተክለው በየቀኑ ሲጽፉ ኖረዋል። ዓምዶቹ እኛ የምናሰምራቸው ናቸው፤ ቀን፣ ሰዓት፣ መጠን፣ የለካው ሰው። በመጨረሻው ደብተር ላይ የእጅ ጽሕፈታቸው ግንቦት 2015 ላይ ይቆማል። ከዚያ አንድ መስመር ባዶ ነው። ከዚያ በታች በሚስ የእጅ ጽሕፈት ይቀጥላል። የሰኔ 1ዱ ዝናብ፣ ያ የዘገየው፣ በእሳቸው እጅ ተጽፏል። «የለካው ሰው» በሚለው ዓምድ ሥር ግን የራሳቸውን ስም አልጻፉም፤ የባላቸውን ስም ነው የጻፉት።

በማግሥቱ ጠዋት ቀሰቀሱኝና መለኪያውን ሰጡኝ። ወጥቼ ለካሁ፤ 31 ሚሊ ሜትር። ልጽፍ ስል «በራስሽ ስም ጻፊ» አሉኝ። ጻፍኩ። መቃብራቸው ላይ የሄድነው ከዚያ በኋላ ነው፤ እየዘነበ።

ወዳጆቼ፤ ሁላችሁም በክረምት ሕንድ ሂዱ እያልኩ አይደለም። ዝናብ ይገድላል፤ ያለ ዝግጅት አትንቀሳቀሱ። የምለው ይህንን ነው፤ ዝግጅትና ማስተላለፍ ከሩቅ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም «ገና ነው» ይላሉ። ልዩነታቸው የተዘጋጀ ሰው ቀን ቆርጧል። እኔ ስድስት ዓመት እየተዘጋጀሁ መስሎኝ ነበር፤ አንድም ቀን ግን አልቆረጥኩም ነበር።

እዚህ ለተቀመጣችሁ ለአሁኖቹ መምህራን፦ የክረምት ዕረፍት በእጃችሁ ነው፤ እኛ አላወቅንበትም። ለማኅበራችን ደግሞ አንድ ሐሳብ አለኝ። ያስተማሩን የውጭ አገር መምህራን ዛሬ ብዙዎቹ አልፈዋል፤ ያሉትም ሸምግለዋል። የእያንዳንዱ ባች ተወካይ የሚያውቃቸውን የመምህራኑን አድራሻ ከዛሬ ጀምሮ ለጽሕፈት ቤቱ ይስጥ። መሄድ የማይችል ይደውል፤ መደወል ያቃተው ይጻፍ። ቀኑን ግን ዛሬ ቁረጡ፤ ክረምቱ ይውጣና አትበሉ።

ሚስ ደህና ናቸው። ትናንት ማታ ደውለው ነበር። ዛሬ ንግግር እንዳለኝ ብነግራቸው «ዝም በዪ!» አሉኝ፤ ጎበዝ ለማለት ፈልገው ይመስለኛል። ስለዚህ ዝም ልበል።